«አለሁ» የምትለው ፋይል

እሺ፣ ቀይዋ መብራት በርታለች፤ እየቀዳ ነው ማለት ነው። ድምፄ ለምን ዝቅ እንዳለ ታውቃላችሁ። አለቃዬ፣ ሕፃኗ ልጄ፣ ከተኛች ገና 20 ደቂቃ አልሞላትም።

ዛሬ ኮመዲኖውን ከግድግዳ ጋር ስለማሰር ላወራ ነበር፤ ቃሌም ነበር። አልሆነልኝም። ስለ ፎቶ ማስቀመጫው ትንሽ ኮምፒውተሬ «በኩሩ እንዴት ነው?» እያላችሁ ለምትጠይቁ፣ ደህና ነው። መብራቱ አረንጓዴ ነው፣ ፎቶዎቹም በቦታቸው አሉ። እንቅልፍ የነሳኝ ደህና የሆነበት መንገድ ነው። እንቅልፍ ስል... ያው፣ ከነበረ ማለቴ ነው።

ሎጉ፣ ማለትም የሥራ መዝገቡ ላይ ሁለት መስመር አለ። አንድ ሌሊት አርባ ሺህ ገደማ ፋይል ጠፍቷል። በማግስቱ ሌሊት ያው አርባ ሺህ ተመልሶ ተገልብጧል። በቃ። ምንም አልጎደለም።

ቀስ ብዬ ልድገመው። ዋናዎቹ ፎቶዎች አንደኛው ሃርድ ዲስክ ላይ ናቸው፤ ሁለተኛው ቅጂያቸውን ይይዛል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ አርሲንክ የሚባለው ፋይል ገልባጭ ፕሮግራም ይነሣና ሁለተኛውን ከአንደኛው ጋር ያስተካክላል። «ዲሊት» የሚለው አማራጭ ስለተጨመረለት፣ ከዋናው የጠፋው ከቅጂውም ይጠፋል። ካልሆነማ የሰረዝናቸው ድብዝዝ ፎቶዎች ሁሉ እየተጠራቀሙ ዲስኩን ይሞሉታል።

አሁን፣ 7 ሰዓት ከ50 ላይ መብራት ብልጭ ብሎ ጠፋ፣ መጣ። ራዝቤሪ ፓይ የሚባለው ትንሽ ኮምፒውተርም፣ በኩሩ ማለቴ ነው፣ አብሮ ጠፍቶ ተነሣ። ዋናው ዲስክ ግን መሽከርከር የሚጀምርበት ኤሌክትሪክ አነሰው። ፓይ 4 በአራቱም የዩኤስቢ ቀዳዳዎቹ በድምሩ የሚሰጠው 1.2 አምፔር ነው። ፓይ 5 ከ3 አምፔር አዳፕተር ጋር ከተሰካ 600 ሚሊ አምፔር ብቻ ይሰጣል፤ 1.6 የሚደርሰው ባለ 5 አምፔሩን ሲያገኝ ነው። የሚሽከረከር ባለ 2.5 ኢንች ዲስክ ደግሞ ሲነሣ ብቻውን ወደ 1 አምፔር ይጠጋል። ሁለቱ እኩል ሲነሡ አስቡት። መፍትሔው የራሱ አዳፕተር ያለው የዩኤስቢ ሀብ ነው። ይኼን እዚህ ስንት ጊዜ ሰብኬያለሁ? አዎ፣ ዝም በሉኝ።

ዲስኩ ባይነሣም ሲስተሙ ተነሣ፤ ምክንያቱም ኤፍስታብ ውስጥ፣ ሲስተሙ ሲነሣ የሚያገናኛቸው ዲስኮች በተዘረዘሩበት ፋይል፣ «ኖፌይል» ተጽፎለታል፤ ዲስኩ ባይኖርም ቀጥል ማለት ነው። ያቺ ቃል ባትኖር 90 ሰከንድ ጠብቆት መነሣቱን ያቆም ነበር፤ በሌሊት ደግሞ ያንን የሚፈልግ የለም። ዲስኩ የሚታይበት ፎልደር ግን አለ። ባዶውን አለ።

8 ሰዓት። አርሲንክ መጣ። ፎልደሩን ከፈተ።

ይቺ ቦታ ላይ ነው የምመላለሰው። አርሲንክ እኮ ሞኝ አይደለም፤ ከ1996 በፈረንጆቹ ጀምሮ ሲፈተን የኖረ ነገር ነው። ከምንጩ ሲያነብ የንባብ ስህተት ከገጠመው ማጥፋቱን በራሱ ይተወዋል። ዲስኩ በመሃል ተነቅሎ ቢሆን ኖሮ ቅጂው ይተርፍ ነበር። ባዶ ፎልደር ግን ስህተት አይደለም። ይነበባል፣ ይከፈታል፣ ምንም የለበትም። «ባለቤቱ ሁሉንም ሰርዞታል ማለት ነው» ብሎ ሁሉንም ሰረዘ። ሲጨርስ 0 መለሰ። 0 ማለት በሰላም ተጠናቀቀ።

እና የማይነሣ ዲስክ መቼ ነው የሚኖራችሁ? ሊሞት ሲል። ቅጂው የሚያስፈልግበት ያቺው ሌሊት ራሷ ናት ቅጂው የሚጠፋባት... አላውቅም፣ ይኼንን ስናገረው ሆዴን ያመኛል።

የፕሮግራመሮችን ኮድ የሚያስቀምጠውን ድርጅት፣ ጊትላብን ታስታውሳላችሁ? በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 31 ቀን 2017፣ 300 ጊጋባይት ገደማ ዳታ በስህተት ተሰረዘ። የየቀኑ ባክአፕ፣ ማለትም መጠባበቂያ ቅጂው፣ ሲፈለግ የለም። ባክአፑ መክሸፉን የሚናገሩት ኢሜይሎች ተቀባዩ ጋ ውድቅ እየተደረጉ ማንም ሳያያቸው ቀርተዋል። እነሱ እንኳ... ይኼ ግን አያጽናናም። ለምን ሊያጽናናኝ እንደፈለግሁም አላውቅም።

በነገራችን ላይ ሌሊት ከግድግዳው ትሰማኝ የነበረችው ጉርምርምታ ምንጯ ተገኝቷል! ሕፃኗ አልነበረችም። በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚዞር ዲስክ በሰከንድ 120 ጊዜ ይንቀጠቀጣል፤ በብሎን ችፑድ መደርደሪያ ላይ ስታስሩት መደርደሪያው ከበሮ ይሆናል። ሥሩ ወፍራም ለስላሳ ጎማ ማድረግ ነው፤ ጎማውን ግን በብሎን አትጭመቁት፣ ያኔ ጥቅም የለውም። ኮመዲኖውንም ከነካን አይቀር፣ ብሎኬት ግድግዳ ስትበሱ የትራፓኖውን ምት አጥፉት፤ በማዞር ብቻ ብሱት። ምቱ የብሎኬቱን ስስ ግድግዳ ከውስጥ ይሸርፈዋል፣ ተራ ፊሸር ደግሞ ክፍቱ ላይ ዝም ብሎ ይዞራል። ከኋላ ተዘርግቶ የሚይዘውን ዓይነት ፈልጉ። ልጅ መሳቢያዎቹን እንደ ደረጃ ስትወጣባቸው ክብደቱ ወደ ፊት ነው የሚጎትተው። ሌላ ቀን በደንብ እናወራለን።

አርሲንክን ወደሚያስነሣው ስክሪፕት፣ ወደ ትእዛዞቹ ዝርዝር፣ እንመለስ። መጀመሪያ ዋናው ዲስክ ላይ አንዲት ባዶ ፋይል ታስቀምጣላችሁ። የኔ «አለሁ» ትባላለች። ስክሪፕቱ ከሁሉ በፊት እሷን ይፈልጋል፤ ካጣት አርሲንክን ሳያስነሣ ያቆምና ይጮኻል። ባለቤቴ ስሙን ስትሰማ ሳቀች፤ ሌሊት የሕፃኗ አልጋ ላይ ጎንበስ ብዬ ትንፋሿን የማዳምጠውን ስለምታውቅ። አንድ ወጥመድ ግን አለ። ፋይሏን የምትሠሩት ዲስኩ መነሣቱን አይታችሁ ነው። ሳይነሣ ከሠራችኋት ባዶው ፎልደር ውስጥ ትቀመጥና ዲስኩ በሌለበት ሁሉ «አለሁ» ትላለች።

ሁለተኛ፣ «ባክአፕ ዲር» የሚለው የአርሲንክ አማራጭ። የሚሰረዘው ነገር ቀን ወደተጻፈበት ፎልደር ይዛወራል እንጂ አይጠፋም። ፎልደሩ ከቅጂው ውጭ ይሁን፤ ውስጡ ከሆነ ዲሊት እሱንም ሊጠርገው ይችላል።

ሦስተኛ «ማክስ ዲሊት» ነው፤ ከዚህ ቁጥር በላይ አትሰርዝ ማለት። ሲያልፍ 25 የሚል የስህተት ቁጥር ይመልሳል። ግን እስከ ቁጥሩ ድረስ ያሉትን ሰርዞ ነው የሚቆመው፤ 500 ካላችሁት 500 ሄደዋል። እና ስንት ልበለው? እሑድ እሑድ ያንኑ ማዛጋት 12 ጊዜ ያነሣሁትን ሳጸዳ 150 ፎቶ ይሄዳል። 50 ካልኩት በየሳምንቱ ይጮኻል፣ በሁለት ወር ጩኸቱን መስማት አቆማለሁ። 1000 ካልኩት... የልጄ የመጀመሪያዋ ሳምንት ጠቅላላ 212 ፎቶ ናት። ከ212 በታች መሆን አለበት ብዬ 200 አልኩት። ግን ይኼ ምንድነው፣ ሒሳብ ነው? 12 ፎቶ ቢተርፍ ምን...

ቆይ።

«አለሁ»ን የሠራኋት ማክሰኞ ነው። ማክሰኞ ዲስኩን ነቅዬ ጎማውን እየለካሁለት ነበር እኮ። ከመለካቴ በፊት ነው ወይስ...

አንዴ ልየው።