ትምህርት ቤቱን ሰፈሩ ይምረጠው

እንደምን አመሻችሁ! በሥራ ቀን ማታ፣ ልጅ አዝላችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም ከሺፍት ወጥታችሁ ቤት እንኳን ሳትደርሱ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔ የትምህርት ባለሙያ አይደለሁም። ዋሽንግተን ዲሲ፣ ዋርድ 4 በሚባለው የከተማው ክፍል የምኖር የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ዛሬ የማነሳው ቻርተር ስለሚባሉት ትምህርት ቤቶች ነው፤ ምን እንደሆኑ ወዲያው እነግራችኋለሁ።

ትልቋ ልጄ ሦስት ዓመት ሲሞላት፣ ዲሲ ውስጥ የሦስት ዓመት ልጅ በነፃ ትምህርት ቤት መግባት እንደሚችል አላውቅም ነበር። የነገረችኝ አብራኝ የምትሠራ ልጅ ናት፤ እሷ ስትነግረኝ ማመልከቻው አልፎ ነበር። በዓመቱ በጊዜ ተነሳሁ። ቦታው የሚሰጠው በዕጣ ነው፣ ማመልከቻው ላይ እስከ አሥራ ሁለት ትምህርት ቤት መምረጥ ይቻላል፤ አሥራ ሁለቱንም ሞላሁ። ዕጣው ሲወጣ አንዱም አልደረሰኝም፤ ዌይቲንግ ሊስት (የተጠባባቂ ዝርዝር) ላይ ገባን። ከሁሉም የከነከነኝ ግን ሌላ ነው። ከቤቴ የአምስት ደቂቃ መንገድ ላይ ቻርተር ትምህርት ቤት አለ። ጠዋት ጠዋት ልጆቹ ሲገቡ በመስኮት አያለሁ። ልጄ ግን የሰፈሩ ልጅ በመሆኗ ምንም ቅድሚያ አላገኘችም፣ ከከተማው ማዶ ከሚመጣው ልጅ ጋር እኩል ዕጣ ነው የጠበቀችው። ይሄንን ማን ወሰነ ብዬ መጠየቅ የጀመርኩት ያኔ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ቻርተር የግል ትምህርት ቤት አይደለም። ገንዘቡ የሕዝብ ነው፣ ወላጅ አይከፍልም። ልዩነቱ፣ በከተማው የትምህርት ቢሮ ሥር ሳይሆን በራሱ ቦርድ ነው የሚተዳደረው። የ15 ዓመት ውል ይፈርማል፣ ቢያንስ በየ5 ዓመቱ ይገመገማል፣ ካልሠራ ይዘጋል። እስቲ ካርሎስ ሮዛሪዮ የሚባለው የአዋቂዎች ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ የተማራችሁ እጃችሁን አውጡ። አያችሁ? እሱም ቻርተር ነው። በ1998 ቻርተር ሲሆን ለአዋቂዎች በአገሪቱ የመጀመሪያው ነበር። ስለዚህ ነገሩ ለእኛ ባዕድ አይደለም፣ ስንቱ ሰው እዚያ ተምሮ ነው ሥራ የያዘው።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። የዲሲን የቻርተር ሕግ ያወጣው የአሜሪካ ኮንግረስ ነው፣ በ1996። ድምፅ የሚሰጥ ተወካይ የሌለን ያ ኮንግረስ! ዛሬ በከተማዋ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ከሚማሩት ልጆች ግማሽ የሚጠጉት ቻርተር ውስጥ ናቸው። የትኛው ይከፈት፣ የትኛው ይዘጋ የሚለውን የሚወስነው 7 አባላት ያሉት የከተማው የቻርተር ቦርድ ነው። ከንቲባ ያጫቸዋል፣ የከተማው ምክር ቤት ያጸድቃቸዋል። እኛ አንመርጣቸውም። ከሜሪላንዱ ሲልቨር ስፕሪንግና ከቨርጂኒያው አሌክሳንድሪያ የመጣችሁ ደግሞ ተቃራኒው ነው ያላችሁ። ሜሪላንድም ሆነ ቨርጂኒያ ውሳኔው በዋናነት በአካባቢው የትምህርት ቦርድ እጅ ነው፣ ያንን ቦርድ ደግሞ እናንተ ራሳችሁ ትመርጡታላችሁ። ግን ቨርጂኒያ ውስጥ ያሉት ቻርተሮች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፣ የሜሪላንዶቹም አብዛኞቹ ያሉት ባልቲሞር ነው። እናንተ ድምፅ አላችሁ፣ ትምህርት ቤቱ ብዙም የለም። እኛ ትምህርት ቤቱ አለን፣ ድምፅ የለንም።

እኔ የምለው፣ ሁለቱ ይገናኙ ነው። አንድ ሰፈር ቻርተር ከፈለገ ይምረጥ፣ ካልፈለገ እምቢ ይበል። እምቢ የሚለውም እኩል መሰማት አለበት፤ ምክንያቱም ከሰፈሩ መደበኛ ትምህርት ቤት ልጆች ሲቀንሱ በጀቱም አብሮ ይቀንሳል፣ እዚያ የሚቀሩትም የእኛው ልጆች ናቸው።

ሰፈር መርጦ ያውቃል ወይ ካላችሁ፣ አዎ፣ እዚሁ ብራይትዉድ ሰፈር ውስጥ። ጆርጂያ አቬኑን የምታውቁ ሁሉ ፖል ትምህርት ቤትን ታውቁታላችሁ። የከተማው መደበኛ ጁኒየር ሃይስኩል ነበር፣ በ2000 ቻርተር ሆነ። በሕጉ መሠረት አንድ ነባር ትምህርት ቤት ቻርተር እንዲሆን ከወላጆች ሁለት ሦስተኛው፣ ከመምህራንም ሁለት ሦስተኛው መፈረም አለባቸው። ወላጅና መምህር አንድ ላይ! አገር ቤት የወላጅ ኮሚቴ ውስጥ የሠራችሁ፣ ለክፍል ማሠሪያ ብር ያዋጣችሁ፣ ይሄ ነገር በደንብ ይገባችኋል። ዋርድ 4 ውስጥ ደግሞ በ2013 ዕብራይስጥ የሚያስተምር ቻርተር ተከፍቷል። እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት የፈለጉ ሰዎች ተሰባስበው፣ ማመልከቻ ጽፈው፣ የከተማው የቻርተር ቦርድ ፊት ቆመው ያገኙት ነው። የአማርኛውን ጥያቄ ማን እንዲያነሳልን ነው የምንጠብቀው? ቅዳሜና እሁድ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ፊደል የምታስቆጥሩ መምህራን እዚህ ተቀምጣችኋል፣ ከእናንተ የተሻለ ሰው የለም።

መጥፎውንም ልንገራችሁ፣ ደብቄ ልወጣ አልፈልግም። በ2024 ነሐሴ ላይ አንድ የዲሲ ቻርተር ትምህርት ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት ተዘጋ። ዩኒፎርም የገዙ ወላጆች ባለቀ ሰዓት ሌላ ትምህርት ቤት ፍለጋ ገቡ። ገንዘብ ሲጎድል ወላጅ የሚሰማው መጨረሻ ላይ ከሆነ ምርጫው ምን ዋጋ አለው? ሕጉ እኮ መንገድ ይሰጣል፦ ልጆች በሚማሩበት በእያንዳንዱ ቻርተር የአስተዳደር ቦርድ ውስጥ ቢያንስ ሁለት የተማሪ ወላጆች መቀመጥ አለባቸው። ሁለት ወንበር! የሒሳብ መዝገቡን የሚያዩት፣ ርዕሰ መምህሩን የሚጠይቁት እዚያ የተቀመጡት ናቸው። እንግሊዝኛዬ አይበቃም የምትሉ ካላችሁ፣ እኔም እንደዚያ ነበር የምለው። ከተማዋ ከ2004 ጀምሮ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አላት፣ የከተማው መሥሪያ ቤት ስትሄዱ የአማርኛ አስተርጓሚ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ጠይቁ፣ አትፈሩ።

ለዛሬ የምለምናችሁ ሦስት ነገር ነው። ልጆቻችሁ ቻርተር የሚማሩ፣ የወላጅ ወንበሩ መቼ ክፍት እንደሚሆን በዚህ ሳምንት ትምህርት ቤቱን ጠይቁ። ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ያላችሁ፣ ለትምህርት ቦርድ የሚወዳደረው ሰው ድምፃችሁን ሊለምን ሲመጣ ስለ ቻርተር ምን እንደሚያስብ ሳይነግራችሁ እንዳትለቁት። ዲሲ ያለን ደግሞ ለምክር ቤቱ የምንልከው ደብዳቤ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነው። በሰፈራችን ቻርተር ሲከፈትም ሆነ ሲዘጋ ስብሰባው እዚሁ ሰፈራችን፣ ማታ፣ ከሥራ በኋላ፣ በአስተርጓሚ ይሁን፣ የነዋሪው ድምፅም በውሳኔው ውስጥ ይቆጠር ነው የሚለው። አማርኛውም እንግሊዝኛውም አለ። እስክርቢቶ ይዣለሁ፣ ልጆቹን እኛ እንይዝላችኋለን፣ አንብባችሁ ፈርሙ።