ጎረቤት የሰጠው ሲዲ

እንደምን አመሻችሁ! በዚህ ዝናብ ከጅሬንም ከቆጪም ከመርካቶም ባጃጅ ተሻምታችሁ የመጣችሁ ሁሉ ከልብ እናመሰግናለን፣ አዳራሹን በነጻ የለቀቀልን ወንድማችንም እግዜር ይስጥልን፣ ቡናውን ያፈላችሁልን እናቶችም እጃችሁ ይባረክ። አቦሉን የደረሰበት ጠጥቷል፣ ቶናና በረካው ከፊልሙ በኋላ ነው።

የዛሬው ፊልም ጂም ጃርሙሽ የሚባል አሜሪካዊ ዳይሬክተር በ2005 የሰራው ብሮክን ፍላወርስ ነው (አመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው፣ እንዳይምታታባችሁ)። ካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ ግራንድ ፕሪ የሚባለውን፣ ከዋናው ሽልማት ቀጥሎ ያለውን ወስዷል። ብዙዎቻችሁ የዳይሬክተሩን ስም ዛሬ ነው የሰማችሁት፣ ችግር የለውም፣ ግን ፊልሙ ላይ ስክሪኑን ሞልቶ የሚሰማው ሙዚቃ የጋሽ ሙላቱ አስታጥቄ ነው፣ ጋሽ ሙላቱ ደግሞ በ1943 የተወለደው እዚሁ ጅማ ነው። እኔ ይሄን ያወቅኩት ፊልሙን ሶስቴ ካየሁት በኋላ ነው ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? የከተማዬን ልጅ ከአሜሪካ ፊልም ላይ አገኘሁት።

እኛ ቅዳሜ ቅዳሜ የምንገናኝ ፊልም ወዳጆች የጃርሙሽን ስራዎች አንድ በአንድ ስናይ ከርመናል፣ እውነቱን ለመናገር ስንጨቃጨቅም ከርመናል። ጭቅጭቁ ሁሌ ሙዚቃ ጋር ነው የሚያልቀው፣ ምክንያቱም ይሄ ሰውዬ ሙዚቀኛ ሳይይዝ ፊልም አይሰራም፣ ራሱም በወጣትነቱ ኒውዮርክ ባንድ ውስጥ ይጫወት ነበር። በ1984 ስሙን ያስጠራው ስትሬንጀር ዛን ፓራዳይዝ ላይ ዋናውን ገፀ ባህሪ የተጫወተው ጆን ሉሪ ሳክስፎኒስት ነው፣ የፊልሙንም ሙዚቃ የሰራው እሱው ነው። ዘፋኙን ቶም ዌይትስን በ1986 ዳውን ባይ ሎው ላይ እስረኛ አድርጎ አጫወተው፣ በ1991 ደግሞ በአምስት ከተማ አምስት ታክሲ ውስጥ የሚያልቀውን ናይት ኦን ኧርዝን ሙዚቃ አሰራው።

ከመሃላችን አንዱ፣ እዚሁ ፊት ለፊት ተቀምጧል፣ ከዴድ ማን የሚበልጥ የለም ባይ ነው። ጥቁርና ነጭ፣ 1995፣ ጆኒ ዴፕ። የሱ ክርክር እንዲህ ነው፣ ሙዚቀኛው ኒል ያንግ ፊልሙ ተቆርጦ ተሰርቶ ካለቀ በኋላ ብቻውን ቁጭ ብሎ ምስሉን እያየ በጊታሩ እዛው በዛው እየፈጠረ ተጫወተለት፣ ማለት ኖታ ጽፎ አልመጣም፣ ሰውየው ፈረስ ላይ ሆኖ እየሞተ ሲሄድ ጊታሩም አብሮት ያቃስታል። ልክ ነው፣ እዛ ላይ አልከራከረውም፣ እኔን ግን ፊልሙ ትንሽ ይርቀኛል።

አንዷ እህታችን ደግሞ ጎስት ዶግን አትለቅም። የ1999 ነው፣ ፎረስት ዊተከር ጣራ ላይ ከእርግቦች ጋር የሚኖር፣ በሳሙራይ ህግ የሚመራ ነፍሰ ገዳይ ሆኖ የሚሰራበት፣ ቢቱን የሰራው ው ታንግ ክላን የሚባለው የራፕ ቡድን አባል ሪዛ ነው። እሷ የምትወደው ግን ቢቱን ብቻ አይደለም። ጎስት ዶግ አንድ ጓደኛ አለው፣ አይስክሬም ሻጭ፣ ከፈረንሳይኛ ሌላ አይችልም፣ ጎስት ዶግ ደግሞ ፈረንሳይኛ አይሰማም፣ ግን ሁለቱም ሳያውቁት አንድ አይነት ነገር ነው የሚያወሩት። ይሄን ሲን ስናይ ክፍሉ ውስጥ የነበርነው ሁሉ እርስ በርስ ነው የተያየነው፣ ምክንያቱም ሀሙስ ገበያ ቆሞ ያየ የጅማ ሰው ይሄን ማን ሊያስረዳው ያስፈልጋል፣ አንዷ በኦሮምኛ ስትጠራ ሌላዋ በዳውሮኛ ስትመልስ ሶስተኛው በአማርኛ ሲከራከር ጎመኑም ቅቤውም ተሸጦ ይገባል።

ኮፊ ኤንድ ሲጋሬትስንም አይተናል፣ 11 አጫጭር ታሪክ ነው፣ ሰዎች ቡና ይዘው ቁጭ ብለው ያወራሉ፣ በቃ። የቡና አገር ሰው ሆኜ የምለው ቢኖር ሲኒያቸው በጣም ትልቅ ነው፣ ወሬያቸው ግን የኛው ነው።

እኔ ግን ክርክሩ ውስጥ የምቆመው ለብሮክን ፍላወርስ ነው፣ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁና እለቃችኋለሁ።

ዶን የሚባል ሰውዬ አለ፣ ቢል መሪ ነው የሚጫወተው፣ በኮምፒውተር ሀብታም ሆኖ ቤቱ ውስጥ ግን ኮምፒውተር የሌለው፣ ሶፋ ላይ በቱታ ተቀምጦ ግድግዳ የሚያይ ሰው ነው። አንድ ቀን ሮዝ ፖስታ ይመጣለታል፣ ስም የለውም፣ የድሮ ፍቅረኛህ ነኝ፣ 19 አመት የሞላው ልጅ አለህ ይላል። እሱ ከሶፋው አይነሳም ነበር፣ የሚያስነሳው ጎረቤቱ ነው። ጎረቤቱ ዊንስተን ይባላል፣ ጄፍሪ ራይት ነው የሚሰራው፣ ኢትዮጵያዊ ነው፣ አምስት ልጆች አሉት፣ ስራ ይበዛበታል፣ እንዲህም ሆኖ የሰውን ጉዳይ እንደራሱ ይዞ መርማሪ ሆኖ ቁጭ ይላል። ወደ ድሮ ፍቅረኞቹ የሚሄድበትን መንገድ ያወጣለታል፣ መኪና ይከራይለታል፣ አበባ ይዘህ ሂድ ይለዋል፣ ከዛ ደግሞ ለመንገድ ብሎ አንድ ሲዲ ይሰጠዋል። የጋሽ ሙላቱን ሙዚቃ።

እዚህ ጋ ቆም በሉልኝ። ጃርሙሽ የጋሽ ሙላቱን ሙዚቃ ፊልሙ ከመሰራቱ አመታት በፊት ጀምሮ ይወደው ነበር፣ እንዴት አድርጎ ፊልም ውስጥ እንደሚያስገባው ነው የጨነቀው። የአሜሪካ መንደር ውስጥ የ1960ዎቹና የ70ዎቹ የአዲስ አበባ ሙዚቃ ከየት መጣ ይባላል? ስለዚህ ጎረቤቱን ኢትዮጵያዊ አድርጎ ጻፈው። አያችሁ፣ ሌላ ዳይሬክተር ቢሆን ከላይ ይለጥፈው ነበር፣ እሱ ግን ሙዚቃው በበር እንዲገባ ሰው ፈጠረለት። ሙዚቃው እንደ እንግዳ በጎረቤት እጅ ነው የሚመጣው፣ ልክ እኛ እዚህ ጅማ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ሙዚቃ በፍላሽ እየተቀባበልን እንዳደግነው ማለት ነው።

ከዛ ዶን መኪናውን ይነዳል፣ ሲዲውን ይከታል፣ “የግሌ ትዝታ” የሚለው የጋሽ ሙላቱ ዜማ ይጀምራል። ቤዙ አንድ ነገር እየደጋገመ ይዞራል፣ ሳክሱ ከላይ ይገባል፣ ሰውየው ፊቱ ላይ ምንም የለም፣ አይስቅ አያለቅስ፣ መስኮቱ ላይ ዛፍ ያልፋል፣ ቤት ያልፋል። የከርሞ ሰውም አለ፣ ጉብልዬም አለ። ጋሽ ሙላቱ የኛን ቅኝት፣ አምስቷን ድምፅ፣ ከጃዝ ሃርመኒ ጋር ሳያጣላ ያስማማ ሰው ነው፣ ዌልስ ኢንጂነሪንግ ይማራል ተብሎ ተልኮ፣ ለንደን ሙዚቃ ተምሮ፣ ቦስተን በርክሊ የሚባለው የሙዚቃ ትምህርት ቤት የገባ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ተማሪ ነው። መሳሪያው ቫይብራፎን ይባላል፣ ከብረቶቹ ስር ቱቦ አለ፣ ቱቦው አፍ ላይ በሞተር የሚዞር ክዳን አለ፣ ድምፁ እንደ ውሃ የሚርገበገበው ለዛ ነው። የጋሽ ሙላቱን ሙዚቃ በደንብ መስማት የፈለገ በ1998 የወጣውን ኢትዮፒክስ ቁጥር 4 የሚባለውን አልበም ይክፈት።

አሁን የአባዬን ነገር ልንገራችሁ። አባዬ ከጅማ አዲስ አበባ ከ20 አመት በላይ ቡና የጫነ ሹፌር ነው። መጀመሪያ ፊልሙን ያየሁት ቤት ነበር፣ ማታ፣ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ እየደበደበ፣ የላፕቶፑ ድምፅ አልሰማ እያለኝ እስከ ጥግ ከፍቼዋለሁ። አባዬ ጋቢውን እንደለበሰ ከጓዳ ወጣ፣ ሊቆጣኝ መስሎኝ ልቀንሰው ስል “ተወው” አለኝ። “ይሄ ድሮ ሬዲዮ ላይ የነበረው ነው፣ ጊቤን ስወርድ እሰማው ነበር” አለኝ። ከዛ ቁጭ አለ። እንግሊዝኛ አይሰማም፣ ግን እስከ መጨረሻው አልተነሳም። መሃል ላይ ዶን ለሶስተኛ ይሁን ለአራተኛ ጊዜ መንገድ ሲወጣ እጁን ወደ ስክሪኑ ቀስሮ ምን አለ መሰላችሁ፣ “ይሄ ሰውዬ ባዶውን ነው የሚነዳው”። ሹፌሮች ታውቁታላችሁ፣ ጭነት አድርሶ ባዶ የሚመለስ መኪና ድምፁ ሌላ ነው፣ ይንጓጓል፣ መንገዱን አይጨብጥም። እኔ ስለዚህ ፊልም በእንግሊዝኛ ብዙ ትንታኔ አንብቤያለሁ፣ ከዚች አረፍተ ነገር የበለጠ የገባልኝ የለም። ሙዚቃው ለምን እንደሚስማማም ያኔ ነው የገባኝ፣ ባዶ የሚነዳ ሰው ጋቢና ውስጥ አብሮት የሚቀመጥ ሰው ያስፈልገዋል፣ ዊንስተን ራሱ መሄድ ስላልቻለ ሙዚቃውን ላከለት።

አንድ ቅሬታም አለኝ። ይሄን ፊልም አንድ ቦታ በትልቅ ስክሪን ሲያሳዩት ሄጄ ነበር፣ ልክ ታሪኩ እንዳለቀ መብራት አብርተው መጨረሻው ላይ ስሞቹ ሳይወርዱ አጠፉት፣ እኔ ደግሞ የሙላቱ አስታጥቄን ስም በትልቁ ላየው ነበር የሄድኩት። ዛሬ ያ አይሆንም። ስሙ ሲወርድ ሁላችንም ተቀምጠን እናየዋለን፣ ማጨብጨብም ይፈቀዳል።

ከስክሪኑ ስር የምታዩት የአማርኛ ጽሁፍ የቅዳሜ ልጆች ሶስት ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ ተቀምጠው የሰሩት ነው፣ ስህተት ካገኛችሁ ቡናው ላይ ንገሩን፣ እናርመዋለን። አባዬ ሶስተኛው መስመር ላይ አለ፣ ዛሬ ሰዎቹ ምን እንደሚባባሉ ለመጀመሪያ ጊዜ አንብቦ ያያል። ጀኔሬተሩ ነዳጅ ተሞልቷል፣ መብራት ቢሄድም አትነሱ። በሉ የበሩን መጋረጃ ልቀቁልኝ፣ ድምፁን ደግሞ ከዝናቡ በላይ ከፍ አድርጉት።