የወንዜ ልጅ

እንደምን ዋላችሁ። ከሥራ በቀጥታ የመጣችሁም፣ ሕፃን አዝላችሁ የመጣችሁም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

የቆምንበት መሬት የዚህ አካባቢ ቀደምት ባለቤቶች የሆኑት የኩሊን ሕዝቦች መሬት ነው። እዚህ ሜልበርን ስብሰባው ሁሉ ይህን በመናገር ስለሚጀመር ጆሯችን ለምዶት ያልፈዋል። ዛሬ ግን የመጣንበት ጉዳይ ራሱ ይኸው ነው።

ወለሉ ላይ ተጠቅልሎ የምታዩትን ሸራ ልጆቻችን ለስምንት ቅዳሜ አንድ ላይ ሆነው ሠርተውታል። በመጀመሪያው ቀን አንዳንዶቹ ቶሎ ብለው ነጠብጣብ መደርደር ጀመሩ። የአቦርጂናል፣ ማለትም የአውስትራሊያ ቀደምት ሕዝቦች፣ ሥዕል ሲባል የሚያውቁት እሱን ነው። አስቆምናቸው። ከኩሊን ወገን የሆኑ አንዲት ሠዓሊ መጥተው እንዳስረዱን፣ ምልክቱም ታሪኩም ባለቤት አለው፤ ሰው የሚስለው የራሱን ወገን አገር ነው፣ የሌላውን ያለ ፈቃድ አይነካም። ስለዚህ ያን ቅዳሜ ብሩሽ ሳንነካ ዋልን። ነጠብጣቡን ትተን፣ መሬትን የሚያዩበትን ዓይን እንማር አልን።

አንድ ሥራ አሳየናቸው። ንጉራራ ይባላል፤ በዋልማጃሪ ቋንቋ ቤት፣ አገር እንደማለት ነው። በምዕራብ አውስትራሊያ የግሬት ሳንዲ በረሃ ሰዎች መሬታችን በሕግ ይታወቅልን ብለው ሲጠይቁ፣ የሚያውቁትን በእንግሊዝኛ ማስረዳት ከበዳቸው። ስለዚህ ሳሉት። በ1997 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆች፣ 40 ያህል ሰዎች 8 በ10 ሜትር የሆነ ሸራ መሬት ላይ ዘርግተው፣ ላዩ ላይ ቁጭ ብለው፣ እያንዳንዱ የራሱን የውሃ ጉድጓድና የራሱን አሸዋ ሳለ። ጉዳዩን የሚያየው አካል ሲመጣ ደግሞ በየተራ እየተነሱ የሳሉት ቦታ ላይ ቆመው በገዛ ቋንቋቸው ተናገሩ። መብታቸው የታወቀው በ2007 ነው፤ ከሠዓሊዎቹ አንዳንዶቹ ያን ቀን ሳያዩ ዐረፉ። ይህን ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔም ሁሌ ስናገረው ልቤ ይነካል።

እነዚህ ሰዎች መሬታቸውን በእንግሊዝኛ ካንትሪ ይሉታል። ልጆቹ ቃሉን ሲሰሙ የመጣላቸው ባንዲራና ፓስፖርት ነበር። በአማርኛ ሳስረዳቸው ግን ነገሩ ቀለለ። እኛ «አገሬ» ስንል መንደሩም፣ ውሃውም፣ አያቶቻችን ያረፉበት አፈርም አለበት። «የወንዜ ልጅ» እንላለን። ይህን ስል አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ እጇን አወጣች። «እኔስ የየትኛው ወንዝ ልጅ ነኝ?» አለችኝ። እዚሁ ነው የተወለደችው። እናቷ በአባይ ዳር ነው ያደገችው፣ ልጅቷ ግን አባይን የምታውቀው በስልክ ቪዲዮ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ መልስ አልነበረኝም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጆቹን ይዘን ማሪቢርኖንግ ወንዝ ወረድን። ስሙ ራሱ ከዚህ አገር ቀደምት ሰዎች ቋንቋ የመጣ ነው፤ እኛ በየቀኑ በመኪና የምናልፈው ወንዝ። አንዱ ልጅ ጎንበስ ብሎ ካየ በኋላ «ሰማያዊ አይደለም እኮ!» አለ። እስከዚያ ቀን ውሃን ሁሉ ሰማያዊ ነበር የሚቀቡት። ተመልሰው ቡናማና ነጭ፣ ትንሽ አረንጓዴ ጨምረው፣ ወተት የገባበት ሻይ እስኪመስል ድረስ ሲቀላቅሉ አረፈዱ።

ችግሩ የመጣው ሸራው ላይ ወንዙ ከአንዱ ልጅ ድርሻ ወደ ሌላው ሲያልፍ ነው። የአንዱ ሰፊ፣ የሌላው ቀጭን፤ ቀለሙም አልገጥም አለ። ሁለት ጓደኛሞች በዚህ ተኳርፈው ግማሽ ቀን አልተነጋገሩም። እኛ ጣልቃ አልገባንም። በኋላ አንደኛው የራሱን ብሩሽ ይዞ መጥቶ የጓደኛውን ዳርቻ አብሮት ቀባ። ያቺን መገጣጠሚያ ስትደርሱባት ታውቋታላችሁ፣ ቀለሙ እዚያ ጋ ወፈር ይላል።

ያቺ ስለ ወንዟ የጠየቀችኝ ልጅም ወንዙ ዳር የአንዲት ትንሽ ሴት ሥዕል ሠርታለች። ማን እንደሆነች እሷው ትንገራችሁ።

አሁን ሸራውን እንዘረጋለን። ልጆቹ እያንዳንዳቸው የሳሉት ቦታ ጎን ይቆማሉ። እባካችሁ ጫማችሁን በሩ ጋ አውልቁና ግቡ፣ ልጃችሁ ጋ ሄዳችሁ ቁጭ በሉ። በአማርኛ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ቢጨርስም አታቋርጡት።