ቅንድቡን አይቼ ፈረድኩበት

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ። የምቀዳው ከቤቴ፣ ከጎንደር ነው፤ የጎረቤት ዶሮ ከጮኸ ይቅር በሉኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ፒያሳ ፀጉር ቤት ወረፋ ይዣለሁ። ከፊቴ ያለው ልጅ ቅንድቡን በምላጭ እያሰራ ነው። ሦስቴ መስታወቱን ተጠግቶ "እዚች ጋ ቀርታለች" አለ። እኔም በሆዴ "ይሄማ ናርሲሲስት ነው፣ ከራሱ በላይ ሰው የማይታየው" ብዬ ፈረድኩበት። ስሙን እንኳን አላውቅም።

ጥፋቱ ያነበብኩት ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ሚራንዳ ጃኮሚን እና ኒኮላስ ሩል የተባሉ የካናዳ ተመራማሪዎች፣ ሰው ፊት ብቻ አይቶ ናርሲሲስቱን ይለይ እንደሆነ ፈተሹ። ዝም ብሎ ከመገመት የተሻለ ይለያል። ፍንጩ ደግሞ ቅንድብ ሆኖ ተገኘ፤ ወፈር፣ ጠቅጠቅ ያለ ቅንድብ። የአንዱን ቅንድብ ወስደው ሌላው ፊት ላይ ሲያደርጉት የተመልካቹ ግምትም አብሮ ተቀየረ።

እስቲ አስቡት። ቅንድቡን ስትቀይረው ሰውየው ከተቀየረብህ፣ ያየኸው ሰውየውን ነው? የኛ ቤት ሰው ደግሞ ከአያቴ ጀምሮ ቅንድቡ እንደ ገመድ ነው።

እ.ኤ.አ. የ2008ቱ የሲሚን ቫዚር እና የጓደኞቿ ጥናት ደግሞ የናርሲሲስት ምልክት ብሎ ውድና ዓይን የሚስብ ልብስን፣ ብዙ የተለፋበት አለባበስን ያነሳል። ይሄ መለኪያ ጎንደር በጥምቀት ቢመጣ ጉድ ነው። "ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ" ብለን የወጣን ሁላ አንድ ላይ ልንታሰር ነው!

የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ናርሲሲስትነት የስብዕና ችግር ሲሆን የሚለዩበት መመሪያ 9 ምልክቶች አሉት፤ ቢያንስ 5ቱ መገኘት አለባቸው። ስለ ቅንድብም ስለ ጫማም አንድ አይልም። ስለ ጠባይ ነው የሚያወራው፤ አድናቆት መፈለግ፣ የሌላው ስሜት አለመሰማት።

አንድ የማውቀው ሰው አለ። ሁሌ ያች አሮጌ ሹራብ፣ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚሄደው። ቅንድብ? የለውም ማለት ይቀላል። አባቴ ያረፈ ጊዜ ድንኳን መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ከዚያ የራሱ አባት ሲሞት ስንት ሰው እንደመጣ ይነግረኝ ጀመር። ከየት ከየት እንደመጡ፣ ስንቱ በመኪና እንደመጣ። እኔ እያለቀስኩ ነው፤ እሱ ይቆጥራል። ሐኪም አይደለሁም፣ ስም አልሰጠውም። ግን ፎቶውን አሳይቻችሁ ቢሆን "ምን ዓይነት ምስኪን ነው" ነበር የምትሉት።

ወደ ፀጉር ቤቱ ልመለስ። ልጁ ተነሳ፣ እኔ ተቀመጥኩ። ፀጉር ቆራጩ ሲጨርስ "ወንድሜ፣ ቅንድብህንም ላስተካክልልህ?" አለኝ።

መስታወቱን ተጠጋሁ።

"ትንሽ" አልኩት።