ዐሥር ሳንቲም

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ይህን የምቀዳው አራት ኪሎ ካለችው ክፍሌ ነው፤ የታክሲ ረዳት ጥሪ ጣልቃ ቢገባ ይቅር በሉኝ። ጠረጴዛዬ ላይ ዐሥር ሳንቲም አለ። ላሽከርክረው፣ ስሙት።

ከእናቴ አሮጌ ቦርሳ ያገኘሁት ነው። በግዕዝ ቁጥር 1969 ዓ.ም. ተጽፎበታል። ባንድ በኩል አንበሳ፣ በሌላው ቀንዳም እንስሳ። ልጅ ሆኜ ከረሜላ ስገዛበት ፍየል ይመስለኝ ነበር! ኒያላ የሚለውን ስም የማውቀው ከሲጋራ ፓኮና ከኢንሹራንስ ማስታወቂያ ነው። ሁለቱ አንድ መሆናቸው የገባኝ ባለፈው ወር፣ ከዚህ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቄ፣ ባሌ ዲንሾ ጥዶች ሥር ወንዱ ቀንዱን አዙሮ ሲያየኝ ነው። ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ ሲመዘገብ ስልኬ ላይ እንኳን ደስ አላችሁ ብዬ ጽፌ ነበር፤ ያኔ ግን ደርሼበት አላውቅም ነበር።

ፓርኩ ውስጥ ሰነቲ የሚባል አምባ ላይ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ፣ ቀይ ቀበሮ የፍልፈል ጉድጓድ አፍ ላይ አድፍጦ አየሁ። ብርዱ አላስቆመንም።

ቁልቁል ወደ ሐረና ጫካ ሲወርዱ ሌላ አገር ነው። የደጋው ተክል ጅብራ ያልቅና የአስታው ቁጥቋጦ ይመጣል፤ ከዚያ ጉም፣ ከጉሙ ውስጥ ሽበት ያወጣ የሚመስል ኮሶ። ጫካው ለዓይን ስስታም ነው። ቀርከሃው መካከል የባሌ ጦጣ ፍለጋ ግማሽ ሰዓት ቆምን። ምግቡ በብዛት የቀርከሃ ቅጠል ነው። ሲቀነጥስ እሰማለሁ፣ ቅጠሉ ይርገፈገፋል፣ አስጎብኚው «እህቴ፣ እንዳትንቀሳቀሺ» ይለኛል። በመጨረሻ ያየሁት ጅራት ብቻ ነው።

ከዚያ በታች ዛፉ ሥር ማንም ያልተከለው ቡና በቅሏል፤ ቅርንጫፍ ላይ የንብ ቀፎ ተንጠልጥሏል። መንገድ ዳር ቡና የምታፈላ እናት ዘንድ ተቀመጥን። ከአዲስ አበባ መምጣቴን ስትሰማ፣ በአስጎብኚው አስተርጓሚነት፣ «እናንተ ጋ ቡና ኪሎው ስንት ገባ?» አለችኝ። ነገርኳት። ጀበናውን አስቀመጠችና አስጎብኚውን ደግመህ ንገረኝ አለችው። ደገመላት።

«እንግዲያው» አለች እየሳቀች፣ «ሲኒውን መልሽልኝ»።