ትንፋሹን ማን ቆጠረው? ስለ ተማሪ ነርሶች የዋርድ ሕይወት

(ሁለት ነርሶች ያደረጉት ውይይት ነው። እሷ ዋርድ (ታካሚዎች የሚተኙበት ክፍል) ላይ ተማሪ ነርሶችን ትከታተላለች። እሱ ከተመረቀ ገና ብዙም አልቆየም።)

እሷ፦ እንደምን ሰነበታችሁ። የዛሬው ወሬያችን ለመጀመሪያ ጊዜ ዋርድ ለሚወጡ ተማሪ ነርሶች ነው። በተለይ ትልቅ ከተማ ውስጥ፣ ትልቅ ሆስፒታል ለተመደባችሁ።

እሱ፦ ትልቅ ሆስፒታል መጀመሪያ ያስፈራል። ትምህርት ቤት ስኪል ላብ የሚባለው መለማመጃ ክፍል ውስጥ አንድ አልጋ አለ፣ አንድ አሻንጉሊት አለ። አሻንጉሊቱ አያቃስትም። አስታማሚ የለውም። ዋርድ ስትገባ ግን ሁሉም ሰው ይሮጣል። ስልክ ይጮኻል። የት ቆመህ የማንንም መንገድ እንደማትዘጋ እንኳ ግራ ይገባሃል።

እሷ፦ ያኔ ብዙ ተማሪ «አልተፈለግኩም» ብሎ ያስባል። ፊት የነሱት ይመስለዋል። እኔ ግን ሁልጊዜ የምላቸው፣ ጠልተዋችሁ አይደለም፣ ጊዜ ስለሌላቸው ነው። አንዷ ነርስ ብዙ ታካሚ ይዛለች። የመድኃኒት ሰዓት ደርሷል። ከድንገተኛ ክፍል ሌላ ታካሚ እየመጣ ነው። የአንዱ ጉሉኮስ አልቋል። ተማሪው ግን እሷ የሌላት አንድ ነገር አለው።

እሱ፦ ጊዜ።

እሷ፦ ጊዜ! ተማሪ የሚያስበው የጎደለውን ነው። መርፌ መውጋት ገና አልለመድኩም፣ ደም ሥር ማግኘት አልችልም፣ የመድኃኒቱን ስም አላውቅም ይላል። እሱ በልምምድ ይመጣል። አንድ ታካሚ አጠገብ ሙሉ ደቂቃ መቆም የሚችለው ግን እዚያ ዋርድ ውስጥ ብዙ ጊዜ እሱ ብቻ ነው። ያቺ ደቂቃ ሰው ታድናለች።

እሱ፦ ወደ ትንፋሽ ቆጠራ ልትወስጂን ነው አይደል?

እሷ፦ አዎ፣ እዚያው ነኝ። አየህ፣ የደም ግፊትን ማሽን ይነግርሃል። ሙቀትን ቴርሞሜትር። የልብ ምትና ኦክስጅንን ጣት ላይ የምትደረገው ፐልስ ኦክሲሜትር። ትንፋሽን ግን አብዛኛውን ጊዜ በዓይንህ ነው የምትቆጥረው። ለዚህ ነው የሚዘለለው። ይህ ሁሉ የሚመዘገብበትን የታካሚ ቻርት ገልጠህ የትንፋሹን ተመልከት። 20፣ 20፣ 20፣ 20። ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት።

እሱ፦ አንዳንዱ ዋርድ ላይ ደግሞ ሁሉም 18 ነው።

እሷ፦ ሰው ሁሉ እኩል አይተነፍስም! የጤነኛ አዋቂ ሰው በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ነው። ሰውነት ሲታመም ደግሞ ቀድመው ከሚለወጡት ምልክቶች አንዱ ትንፋሽ ነው። ኢንፌክሽን ሲስፋፋ ወይም ደም ውስጥ አሲድ ሲበዛ ሳንባ ሥራውን ይጨምራል። ሰውዬው ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። በዚያ ብርታት ኦክስጅኑ ለጊዜው ደህና ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ማሽኑ 95 በመቶ ይላል፣ አንተም ተረጋግተህ ትሄዳለህ። ሰውዬው ግን እየለፋ ነው።

እሱ፦ ማሽኗ ራሷም እኮ ሁልጊዜ አትታመንም። ጣት ሲቀዘቅዝ፣ የጥፍር ቀለም ሲኖር ትሳሳታለች። ጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ ከእውነተኛው ከፍ አድርጋ የምታሳይበት ጊዜ አለ። ይሄ እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣ ጥናት ምክንያት ብዙ አነጋግሯል። እኛ ቆዳችን ጥቁር የሆነ ሰዎች ይሄን ማወቅ አለብን።

እሷ፦ በጣም እንጂ። ስለዚህ ቁጠሩ። አቆጣጠሩን አንተ ንገራቸው፣ አንተ ጥሩ ታሳያለህ።

እሱ፦ እሺ። መጀመሪያ ለታካሚው «አሁን ትንፋሽዎን ልቆጥር ነው» አትበሉት። ሰው እየታየ መሆኑን ሲያውቅ አተነፋፈሱ ይለወጣል። የእጁን አንጓ ይዛችሁ የልብ ምቱን ቁጠሩ። ስትጨርሱ እጃችሁን አታንሱ። እንደያዛችሁት ዓይናችሁን ወደ ደረቱ አዙሩ። ብርድ ልብሱ ወፍራም ሆኖ ደረቱ አልታይ ካለ፣ የያዛችሁትን የራሱን እጅ ቀስ ብላችሁ ደረቱ ላይ አሳርፉት። እጁ ከፍ ዝቅ ሲል ታያላችሁ። ከዚያ ሙሉ ደቂቃ። ሩብ ደቂቃ ቆጥራችሁ በ4 ማባዛት ይቅር። በተለይ አተነፋፈሱ የተቆራረጠ ከሆነ ፈጽሞ አይሆንም።

እሷ፦ ቁጥሩ ብቻ አይደለም ደግሞ።

እሱ፦ አይደለም። አንገቱ ላይ ያሉት ጡንቻዎች እየሠሩ ነው? አፍንጫው ይነፋል? አንድ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጥ ይጨርሳል? ተማሪ ሆኜ አንዲት እናት ነበሩ፣ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ተኝተዋል። ዝም ያሉ ሰው ናቸው፣ አይጠሩም፣ አያስቸግሩም። ማታ ስመጣ አልጋው ላይ ቀና ብለው፣ ወደፊት ደገፍ ብለው ተቀምጠዋል። «እንዴት ዋሉ እናቴ?» አልኳቸው። «ደህና...» አሉ። ትንሽ ቆይተው «ነኝ» አሉ። ከዚያ ደግሞ «ልጄ»። ሦስቱን ቃል በሦስት ትንፋሽ ነው ያወጡት። ኦክስጅናቸው 94 ነው። ትንፋሻቸውን ስቆጥር 32 ሆነ።

እሷ፦ ያንን ካየህ መጠበቅ የለም።

እሱ፦ ለተረኛዋ ሲስተር ነገርኳት። መጥታ ራሷ ቆጠረች፣ ወዲያው ሀኪም ጠራች። ሳንባቸው ላይ ኢንፌክሽን ነበር። ሕክምናው በዚያው ምሽት ተጀመረ። ተሽሏቸው ሲወጡ አይቻቸዋለሁ። እኔ መርፌ አልወጋሁም፣ መድኃኒት አላዘዝኩም። ቆሜ ቆጠርኩ፣ የቆጠርኩትን ተናገርኩ።

እሷ፦ እኔ ለተማሪዎቼ የምመኘው ይህንን ነው። የእንግሊዝ የሀኪሞች ሮያል ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2012 አውጥቶ በ2017 ያሻሻለው የማስጠንቀቂያ ነጥብ አሰጣጥ አለ። በእሱ ትንፋሽ 25 ከደረሰ ወይም 8 እና ከዚያ በታች ከሆነ ብቻውን 3 ነጥብ ያሰጣል። አንድ ምልክት ብቻውን 3 ካመጣ ደግሞ ታካሚው በአስቸኳይ መታየት አለበት። የደም ግፊቱ ደህና ቢሆንም። አስቡት፣ ቻርቱ ላይ ያንን የትንፋሽ ሣጥን ነው በግምት 20 ብለን የምንሞላው!

እሱ፦ እሺ ቆጠርን። አሁን የሚከብደው መናገሩ ነው። ተማሪ «ምናልባት እኔ ነኝ ያልገባኝ» ይላል። ወይ ደግሞ ባለፈው አንድ ሰው ተቆጥቶት ይሆናል።

እሷ፦ ቁጣውን አላስተባብልም፣ አለ። ታካሚ ፊት «አንቺ ተማሪዋ» እየተባለች የምትጠራ ልጅ አለች፣ ስም እያላት። ይሄ ያናድደኛል። ተማሪን ታካሚ ፊት ማዋረድ ታካሚውንም ይጎዳል። ልጅቷ በሚቀጥለው ጊዜ ያየችውን አትናገርማ። ዝም ትላለች። የዝምታዋን ዋጋ የሚከፍለው አልጋው ላይ ያለው ሰው ነው።

እሱ፦ እኔን የረዳኝ አነጋገሩን ቀድሞ ማዘጋጀት ነው። ኤስባር የሚባል አነጋገር አለ። መነሻው ከአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰርጓጅ መርከቦች ነው፣ ኋላ ሆስፒታሎች ወስደውታል። አራት ነገር ነው፣ በተራ። አሁን ምን እየሆነ ነው? ታካሚው ማን ነው፣ ለምን ተኛ? እኔ ምን አየሁ? ምን እንዲደረግ እፈልጋለሁ?

እሷ፦ በእናትየዋ ምሳሌ አድርገህ በለው።

እሱ፦ «ሲስተር፣ አልጋ 6 ያሉት እናት ትንፋሻቸው በደቂቃ 32 ሆኗል። ትናንት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ናቸው፣ ጠዋት 18 ነበር። ኦክስጅናቸው 94 ነው፣ ቃል እየቆራረጡ ነው የሚያወሩት። አሁኑኑ መጥተሽ እንድታያቸው እፈልጋለሁ።» አለቀ። ይቅርታ የለ፣ «ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል» የለ።

እሷ፦ የመጨረሻዋን ልብ በሉልኝ። ተማሪዎች ሦስቱን ይሉና አራተኛዋን ይውጧታል። «ትንፋሻቸው ጨምሯል» ብለው ይቆማሉ። ነርሷ ደግሞ «እሺ» ብላ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። የምትፈልጉትን ተናገሩ። ካልመጣች ተመልሳችሁ ሂዱ። አሁንም ካልሆነ ኃላፊ ነርሷ ጋ፣ ኢንስትራክተራችሁ ጋ።

እሱ፦ ስለ እጅ መታጠብ አንድ ነገር ልበል፣ ተማሪን ስለሚመለከት። እ.ኤ.አ. በ1847 ቪየና ትልቁ ሆስፒታል ውስጥ ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩ። አንዱ የሕክምና ተማሪዎች የሚማሩበት፣ ሌላው የአዋላጅ ተማሪዎች። የሕክምና ተማሪዎቹ ጋ የሚሞቱት እናቶች በጣም ይበዙ ነበር። ዜመልቫይስ የሚባለው ሀኪም ምክንያቱን ሲፈልግ፣ ተማሪዎቹ አስከሬን መርምረው በዚያው እጃቸው ወደ እናቶቹ እንደሚመጡ አስተዋለ። በክሎሪን እንዲታጠቡ አደረገ። ሞቱ በአንዴ ቀነሰ።

እሷ፦ ተማሪ ከአልጋ አልጋ ይዞራል። ለዚህ ነው የሚያሰጋው። ከዚህ ታካሚ ልብ ምት፣ ከዚያኛው ሙቀት። ጓንት ማድረግ እጅ መታጠብን አይተካም። በአልኮል ከሆነ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ፣ በውሃና ሳሙና ከሆነ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ። አውራ ጣትንና የጣት ጫፍን አትርሱ፣ ሰው የሚዘለው እነሱን ነው።

እሱ፦ መድኃኒት ስትሰጡ ደግሞ ስማቸውን እናንተ አትጥሩላቸው። «እገሌ ነዎት?» ካላችሁት ትኩሳት ያደከመው ሰው ለማንም ስም «አዎ» ይላል። «ስምዎን ይንገሩኝ» በሉ። ከዚያ ከካርዱ ጋር አመሳክሩ።

እሷ፦ በል የመልእክት ጥያቄ አለን፣ እሱን እንመልስ። አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። «ታካሚ ሲሞት ማልቀስ ነውር ነው ወይ?» ትላለች።

እሱ፦ አይደለም። የለም፣ በፍጹም።

እሷ፦ ነውር አይደለም እህቴ። ቤተሰቡ ፊት ከእነሱ በላይ እንዳታለቅሺ ብቻ ተጠንቀቂ፣ ሐዘኑ የእነሱ ነው። ገለል ብለሽ አልቅሺ፣ ለአንድ ሰው ንገሪ። ከቻልሽ ደግሞ አስከሬኑን ሲያጥቡና ሲያስተካክሉ ልምድ ካላት ነርስ ጋር ግቢ። በሕይወት እንዳለ ሰው በዝግታ ነው የሚነካው። ጥሩ ነርሶች ስሙን ጠርተው «አሁን ላዞርዎት ነው» ሲሉ ትሰሚያለሽ። ይህንን ያየ ተማሪ ሞትን ያን ያህል አይፈራም።

እሱ፦ ስለ ሌሊት ተረኛነት ሌላ ቀን ሰፋ አድርገን እናወራለን። ለዛሬ አንድ ነገር ብቻ። ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ሰውነት በጣም ይደክማል። የመድኃኒት ስሌት ካለ በዚያ ሰዓት ለብቻችሁ አትሥሩ፣ ሁለተኛ ሰው ያረጋግጥላችሁ።

እሷ፦ ሳልናገር የማልዘጋው አንድ ጉዳይ አለኝ። የተጠቀማችሁበት መርፌ ቢወጋችሁ አትደብቁ። ክዳኑን መልሳችሁ ለመግጠም አትሞክሩ፣ ብዙ ሰው የሚወጋው ያኔ ነው። በቀጥታ ወደ መርፌ ማስወገጃው ሣጥን።

እሱ፦ ተማሪዎች ይደብቁታል። እወቀሳለሁ ብለው፣ ውጤቴ ይቀነስብኛል ብለው።

እሷ፦ አውቃለሁ። ለዚህ ነው የማነሣው። ከተወጋችሁ ወዲያው በውሃና ሳሙና እጠቡት። አትጭመቁት። ከዚያ በዚያው ሰዓት ለኃላፊዋ ንገሩ። ኤችአይቪን የሚከላከል መድኃኒት አለ፣ ግን በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። በቶሎ በተጀመረ ቁጥር የተሻለ ነው። ለ28 ቀን ይወሰዳል። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ደግሞ ዋርድ ከመውጣታችሁ በፊት ጨርሱ።

እሱ፦ ኃላፊዋ ብትቆጣስ?

እሷ፦ ትቆጣ። የቁጣው ነገር በኋላ ይታያል፣ መድኃኒቱ ግን ጊዜ አይሰጥም። ሌሊት ከሆነና ኃላፊ ከሌለች ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፣ «መርፌ ወግቶኛል» በሉ። ብቻችሁን አትሂዱ፣ ጓደኛችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ጓደኛው የተወጋበትም ተማሪ ይስማኝ፤ እጁን ይዘህ አንተ ውሰደው።

እሱ፦ ጥያቄ ያላችሁ ላኩልን። በሚቀጥለው ክፍል የሌሊት ተረኛነትን እናነሣለን።