ሞራው የሚያውቀው

(ምስል፦ ሐዋሳ፣ አሮጌ ገበያ። በረንዳ ላይ የስፌት መኪና። ልብስ ሰፊው ሜትሩን ከአንገቱ ያወርዳል።)

ሜትሩ ወገባቸው ላይ ሲጠመጠም ደንበኛው ትንፋሻቸውን ይዘው ሆዳቸውን ሰበሰቡ። ልብስ ሰፊው ለምዶታል፤ «ጋሼ፣ ይልቀቁት» አላቸው። 102 ሴንቲ ሜትር። አጠገባቸው የቆመው ወዳጃቸው «ተመችቶሃል!» ብሎ ሳቀ። እኛ ዘንድ ቦርጭ የድሎት ምስክር ነው።

(ምስል፦ የሆድ ዕቃ ሥዕል።)

በጣት ቆንጥጠን የምንይዘው ስብ ከቆዳ ሥር ያለው ነው፤ እሱ ያን ያህል አያስቸግርም። ጣጣው ያለው ከውስጥ ነው። በግ ሲታረድ አንጀቱን እንደ ነጠላ የሚሸፍነውን ሞራ አይታችኋል? ለእኛም አለን። ሞራ ገላጭ መጪውን ዘመን ያነብበት ነበር፤ ስለ ጤና ቢሆን ኖሮ ብዙም ባልተሳሳተ።

ሞራ የተከማቸ ስብ ብቻ አይደለም፤ ይሠራል። ከእሱ የሚወጣው ደም በቀጥታ ወደ ጉበት ይገባል፤ የስብ አሲድና ብግነት ቀስቃሽ ኬሚካሎችም አብረውት ይሄዳሉ። ጉበት ስብ ይበዛበታል፣ የደም ስኳርን ለሚቆጣጠረው ሆርሞን ለኢንሱሊን መታዘዙን ይቀንሳል፣ ስኳር ወደ ደም ይለቃል። ደምን የሚያረጋውን ፋይብሪኖጅንንም አብዝቶ ያመርታል።

(ምስል፦ በቢላ የተቆረጠ ጣት፤ ከዚያ በአጉሊ መነጽር የሚታይ ድር።)

ጣታችን ሲቆረጥ ደም እንደ ወተት ይረጋል፤ ፋይብሪን የተባለ ክር ድር ሆኖ ቀዳዳውን ይደፍናል። ቁስሉ ሲድን ፕላዝሚን የተባለ ኢንዛይም ድሩን ይበጣጥሰዋል። ሰውነታችን መቋጠሩንም መፍታቱንም ይችልበታል። ስቡ በተለይ የሚያበላሸው መፍታቱን ነው። ፒ ኤ አይ 1 የተባለው ፕሮቲን ፕላዝሚንን የሚያነቃውን ኢንዛይም ያግደዋል፤ የጃፓን ተመራማሪዎች በ1996 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የሆድ ውስጥ ስብ ይህን ፕሮቲን እንደሚያመርት አሳይተዋል። እናም የረጋው ደም ቶሎ አይሟሟም። የልብ ደም ሥር ውስጥ ከሆነ የልብ ድንገተኛ ሕመም፣ አንጎል ውስጥ ከሆነ ስትሮክ፣ እግር ውስጥ ከሆነ ወደ ሳንባ ሊሄድ የሚችል መዘዝ ነው። አንድ እግር ብቻ ካበጠና ከታመመ፣ ወይም ትንፋሽ በድንገት ካጠረ፣ ነገ አይባልም፤ ሐኪም ቤት ነው።

ቦርጭ ያለው ሁሉ ደሙ ይረጋል ማለት ግን አይደለም። ሲጋራ፣ ዘር፣ ለረጅም ሰዓት ቁጭ ማለት የየራሳቸው ድርሻ አላቸው።

(ምስል፦ የሜትሩ አያያዝ በቅርበት።)

ሚዛን ይህን አይነግረንም፤ ሜትር ይሻላል። የሱሪ ልክ ግን አያገለግልም፤ ብዙዎች ቀበቷቸውን ከቦርጩ በታች ነው የሚያስሩት። የመጨረሻውን የጎን አጥንትና የዳሌን አጥንት ጫፍ ፈልጉ፤ ሜትሩ መሐላቸው ላይ ይዙር፤ ትንፋሽ ወጥቶ ሲያልቅ ይነበብ። የዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ወሰን ለወንድ 94፣ ለሴት 80 ሴንቲ ሜትር ነው። ለእኛ የተሰጠው ቁጥር ከአውሮፓውያን የተወሰደ መሆኑን ልብ በሉ። በሐይቁ ዳር ጠዋት ጠዋት ፈጠን ብሎ የሚራመድ ሰው ክብደቱ ባይነቃነቅም እንኳ የውስጡ ስብ ሊቀንስለት ይችላል።

(ምስል፦ ወደ በረንዳው መመለስ።)

ልብስ ሰፊው ጠመኔውን አነሣ። «ጋሼ፣ እንደ አምናው ለማስፊያ የሚሆን ጨርቅ ከውስጥ ልተው?»